የወንድሙ አንገት

አዘጋጁ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረው በታላቅ ወንድሙ አንገት ነው። ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም። ወንድሙ የሒሳብ መምህር ነው። አፉን ከመክፈቱ በፊት አንገቱ ሁለቴ ወደ ግራ ይነጥቀዋል፤ ከዚያ «ማለት ነው እንግዲህ» ብሎ ይቀጥላል። አዘጋጁ ገና ተማሪ ሳለ ይህንኑ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ አስመስሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። ሬዲዮ ጣቢያ በቀልድ ጸሐፊነት ሲቀጠር፣ አንገት በሬዲዮ አይታይምና «ማለት ነው እንግዲህ»ን ወሰደ። ወደ ቴሌቪዥን ሲዛወር ሁለቱን አገጣጥሞ ጋሽ ነቅንቅ የሚባል አስተማሪ ፈጠረ። በሙያው «ፈጠረ» ይባላል፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ሌላ ስም ነበረው። ጋሽ ነቅንቅ ዋና ጸሐፊ አደረገው፣ ቀጥሎም አዘጋጅ። ሽልማት የተቀበለ ዕለት «ለቤተሰቤ ይሁን» አለ። ዓይን አውጣነት እንዲህ በሱፍ ልብስ ሲመጣ ይጨበጨብለታል።

አሁን ግን ጋሽ ነቅንቅ ደክሞታል። ተመልካች ቀንሷል፤ ጣቢያው እስከ ሐሙስ አዲስ ነገር ካልቀረበለት ዝግጅቱን እንደሚያቋርጥ አስታውቋል።

የጽሑፍ ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የተደራረቡ የሻይ ብርጭቆዎች፣ ግድግዳውን የሞላ ነጭ ሰሌዳ። አዘጋጁ ራሱ ያወጣው ሕግም አለ፤ እዚህ ክፍል ውስጥ የተነገረ ሁሉ የክፍሉ ነው። የሚስትህን ኩርፊያ ካወራህ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። የእናትህን ሕመም ካወራህም እንደዚያው። ቅር ያለው ሌላ ሥራ ይፈልግ።

ማክሰኞ ጠዋት መምህሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ከደረጃው ብዛት እያለከለከ፣ በዚያ በር ገባ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

«ጋሼ፣ ምነው በደህና?» አዘጋጁ ብድግ አለ። «ና፣ ቢሮዬ እንቀመጥ።»

«እዚሁ ይሁን። የሚጽፉት እነሱም አይደሉ? ይስሙ።» አንገቱ ሁለቴ ነጠቀው።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጸሐፊዎች ነበሩ፤ የሰው ጽሑፍ ስለምትቆርጥ መቀስ የተባለችው ሴትና ሽበቱ ስም የሆነለት ሼባው። ሼባው አንገቱን ሲያይ ሳያስበው ፈገግ አለና ደንግጦ ብርጭቆ አነሣ።

አዘጋጁ የወንድሙን ክንድ ይዞ ማውጣት ነበረበት። ሕጉን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አላወጣውም።

«ያንን ሰውዬ ግደልልኝ» አለ መምህሩ።

«የቱን ሰውዬ?»

«የኔን ነዋ። መኪና ይግጨው፣ ጣሪያ ይናድበት፣ እንዳሻህ። አንተ ታውቅበታለህ።»

መቀስ ሳቀች። «ይቅርታ መምህር፣ አነጋገርዎ ነው...»

«ሳቂ ልጄ፣ ለምጄዋለሁ።» ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ትናንት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ክፍሉ ጸጥ አለብኝ። ዞር ብል አርባ ሁለት አንገት፣ ሁለቴ ወደ ግራ። ልክ እንደ ወታደር፣ አንድ የተሳሳተ የለም። ማለት ነው እንግዲህ፣ ያስተማርኩት ነገር እንደዚያ ገብቷቸው አያውቅም።»

«ልጆች ናቸው ጋሼ፣ ይተዉታል።»

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልጄ አለች። እሷም ነቀነቀች። አልፈርድባትም፤ ቀጥ ብላ ብትቀመጥ እሷ ላይ ይዞሩባት ነበር።»

«እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም። ጣቢያው አለ፣ ውል አለ። ደግሞ ገጸ ባሕርይ ነው እኮ። አንተን ማን ያውቅሃል?»

መምህሩ ታናሽ ወንድሙን አተኩሮ አየው። «እንግዲያው አንገቴ ምን እንደሆነ ንገራቸው።»

«ጋሼ፣ ተው።»

«ገጸ ባሕርይ ከሆነ ምን ቸገረህ?» ወደ ጸሐፊዎቹ ዞረ። «አባታችን ዱላ ያነሣ ነበር። የዚያን ዕለት ያነሣው በዚህ በታናሼ ላይ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው፣ አልጋ ሥር ገብቷል። እኔ መሃል ገባሁ። እዚህ ጋ አረፈ።» ማጅራቱን ነካ። «ለሚስቴ እንኳን ተናግሬ አላውቅም። ውለታ ቁጠሩልኝ ማለቴም አይደለም። ይህችን አንድ ነገር ያድርግልኝ ብዬ ነው።»

መምህሩ ኮፍያውን አነሣ። «አስብበት» አለና የደረጃውን ድጋፍ እየያዘ ወረደ።

የእግሩ ድምፅ ሳይጠፋ መቀስ ሰሌዳው ጋ ቆማ ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም። ስምንት ዓመት ያሠለጠናት አለቃዋ ከኋላዋ ተቀምጧል።

«አንቺ ሴትዮ ተይ» አለ ሼባው። «ወንድሙ ነው።»

«እስከ ዛሬስ የማን ወንድም ነበር? አንተ ራስህ ስንት አንገት ጽፈሃል?» መቀስ ወደ አዘጋጁ ዞረች። «አለቃ፣ ጋሽ ነቅንቅ እንዴት ነቅንቅ እንደሆነ። ሰው እየሳቀ ያለቅሳል። ለሐሙስ ሌላ ምን አለን?»

አዘጋጁ ምንም እንደሌላቸው ያውቃል። ጨርቁን ወስዶ ሰሌዳውን መጥረግ ይችል ነበር፤ ተነሥቶ አፍጥጦ እያየ ተጠጋው። መቀስ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ ልጁ አልጋ ሥር። ታላቅየው ደረቱን ነፍቶ፣ «እሱን ከምትነካ እኔን ግደለኝ!»

ደጋግሞ አነበበው።

«እንዲህ አላለም» አለ።

«ታዲያ ምን አለ?»

ሕጉን እሱ ነው ያወጣው። ዝም ቢል የሚያስገድደው አልነበረም።

«ለአባታችን ምንም አላለም። ጎንበስ ብሎ መነጽሩን አውልቆ አልጋ ሥር ሰጠኝ። ‹እንዳትሰብረው› አለኝ።»

መቀስ የጻፈችውን አጥፍታ ይህንን ጻፈች።

«ሰበርከው እንዴ?» አለች፣ ሳትዞር።

«አልሰበርኩትም። ዱላው እስኪያበቃ በሁለት እጄ ይዤው ነበር።»

ሼባው ጉሮሮውን ጠረገ። ማንንም ሳያይ፣ ቀስ ብሎ፣ «ቢሰበር ይበልጥ ያስቃል» አለ።

አዘጋጁ ጥቂት አሰበ።

«ይሰበር» አለ።