የኮፈኖው ሙቀት

ሎረል ፔቲግሪው የቆመ መኪና ስትዳብስ ያየ ሰው ሴትዮዋ ለይቶላታል ቢል አይፈረድበትም። መጀመሪያ ጣራውን ትነካለች፤ ቀጥላ ኮፈኖውን። ጣራውን የሚያሞቀው ፀሐይ ነው፣ ኮፈኖውን የሚያሞቀው ሞተር። ሁለቱን ያነጻጸረ እጅ መኪናው አሁን ይምጣ ሲቆም ይዋል አያጣውም። ይህን ብልሃት ያስተማራት አባቷ ኸርብ ነው፤ ከእሷ በፊት የትንሿ ገጠር ከተማ የያላምቢ እሳት አደጋ ጣቢያ አለቃ እሱ ነበርና።

ያን ማክሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ የምትነዳውን የተማሪዎች አውቶብስ እያጠበች ሳለ ወገቧ ላይ ያለው የእሳት ጥሪ መቀበያ ፔጀር ጮኸ። የሣር እሳት። ጨርቁን ወርውራ በረረች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ግን በጎ ፈቃደኛው ቴቪታ ቀድሟታል። ቦት ጫማውን ተጫምቶ፣ ቢጫ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የጣቢያውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆሟል።

"ደረስክ?" አለችው።

"ደርሻለሁ፣ አለቃ።"

"ከየት መጣህ?"

"ከቤት ነዋ።"

ከቤት! የሰውየው ቤት እኮ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሎረል ካፖርቷን እየለበሰች ወደ ጓሮ ዞር አለች፤ የቴቪታ አሮጌ ነጭ መኪና ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ጥላ ላይ ቆሟል። ጣራውን ነካች፣ ኮፈኖውን ነካች። ኮፈኖው እንደ ጓዳ ወለል ቀዝቅዟል። ይህ ሰውዬ ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር አልመጣም፤ ፔጀሩ ሳይጮህ እዚህ ነበር። እሳቱ ሳይነገር የሚያውቅ ሰው ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው?

እሳቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መንገድ ዳር ያለ ደረቅ ሣር፣ ከሁለት አውቶብስ የማይበልጥ ቦታ። በግማሽ ሰዓት አጠፉት። ከገና ወዲህ እንዲህ ያለ ይህ አራተኛው ነው። መብረቅ የለ፣ አጫጅ ማሽን የለ፤ ሁሉም በሥራ ቀን፣ ሁሉም ቀን በቀን፣ ሁሉም መኪና በሚደርስበት መንገድ ዳር። እሳትም ሰው አክባሪ ሆነና አድራሻ መርጦ መነሣት ጀመረ እንበል?

ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ሎረል ያን ዕለት ፖሊስ ትጠራ ነበር። ቀላል አልነበረም። ያላምቢ በምትገኝበት ክፍለ ግዛት በትልልቆቹ ከተሞች እሳት የሚያጠፉት ደመወዝተኞች ናቸው፤ በመካከለኞቹ ደመወዝተኛና በጎ ፈቃደኛ ተቀላቅሎ ይሠራል፤ እንደ ያላምቢ ባሉት ትንንሾቹ ግን ሰባራ ሳንቲም የሚከፈለው ሰው የለም። መዝገቡ ላይ ሃያ ሦስት ስም አለ። ወረቀት ምን ይሳነዋል! ከሃያ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ በሥራ ቀን አርባ ደቂቃ ርቀው ካራቡል ከተማ ይሠራሉ። ቀን ያላምቢን የሚጠብቁት አራት ናቸው፦ አለቃዋ ሎረል፣ ሾፌሩ ኸርብ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የፖስታ ቤቷ ግሌኒስ፣ እና ከቶንጋ ለቄራ ሥራ የመጣው ቴቪታ። አራት ካልሞላ መኪናው ንቅንቅ አይልም፤ ሕጉ ነው።

በጥቅምት ላይ ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ጣቢያዎችን ሁሉ እየቆጠሩ ነው። በቀን አራት ሰው የማያወጣ ጣቢያ፣ ወይም እስከ የካቲት መጨረሻ በዓመቱ አሥራ ሁለት ጥሪ ያልሞላው ጣቢያ ይዘጋል፤ መኪናውም ወደ ካራቡል ይሄዳል። ሎረል ደብዳቤውን ለአባቷ ጮክ ብላ አንብባለት ነበር።

"እስካሁን ስንት ደርሰናል?" አላት ያኔ።

"ስድስት።"

"ስድስት!" ኸርብ ሹካውን አስቀመጠ። "ቤት በአርባ ደቂቃ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ እነዚህ ሰዎች? ጭስ ማውጫው ብቻ ነው የሚቀረው።"

አሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የምትላከው ቆጣሪ ዓርብ ትመጣለች። ቴቪታን ካስያዘች አራተኛዋ ወንበር ባዶ ትሆናለች፣ ጣቢያው ያበቃለታል። ካላስያዘችው ደግሞ እሳት አንሺ በእሳት አጥፊ ልብስ ይዛ ትዞራለች። ሎረል ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ማወቅ አቃታት።

ረቡዕ ጠዋት ፖስታ ቤት ስትገባ የቴቪታ ሚስት አናሲኒ ለእናቷ የሚላክ ጥቅል ታስመዝናለች።

"ባልሽስ ደህና ነው?" አለቻት ግሌኒስ። "ያ ግዙፍ ሰውነቱ ባይኖር እሳት ሲነሣ ቱቦውን ማን ይጎትትልን ነበር?"

"ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ምሳውን ቋጥሬለት ወጣ።"

ሎረል ቴምብር ልትገዛ መምጣቷን ረሳችው። ትናንት ከቤት መጣሁ አላት፤ ለሚስቱ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ ይላታል። አናሲኒ እንደወጣች የፖስታ ቤቱን ስልክ አንሥታ ቄራው ዘንድ ደወለች። ስልኩን ያነሣው የቄራው ሠራተኛ መልስ አጭር ነበር፤ አርባ ሰው ቀንሰናል፣ ቴቪታም ከተቀነሰ ስድስት ሳምንቱ ነው።

"አየሽ!" አለች ስልኩን ዘግታ። "ሥራ የለው፣ ሚስቱን ይዋሻል፣ እኔን ይዋሻል፣ እሳት በተነሣ ቁጥር ደግሞ ቀድሞ ይገኛል።"

"ኧረ በሕግ አምላክ! ያ በግ የመሰለ ሰው?" አለች ግሌኒስ። "አንቺዬ፣ ክብሪት ጫር ብትይው እኮ ለክብሪቷ የሚያዝን ሰው ነው።"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ግሌኒስ።"

"የጠረጠረስ? ሲተኛ አድሮ ያውቃል?"

ምሳ ሰዓት ላይ ለአባቷ የበግ ጥብስ ይዛለት ሄደች። ቤቱ ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ። የጠረጠረችውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ኸርብ ሥጋውን በጣም አሳንሶ ይቆርጥ ነበር፤ ይቆርጣል እንጂ አይበላም።

"ተይው ልጁን" አለ በመጨረሻ።

"እንዴት ልተወው አባዬ? ነገ ሰው ቢሞትስ?"

"ማንም አይሞትም። ተይው አልኩሽ፤ እሱ አይደለም።"

"በምን አወቅህ?"

"ሰው አውቃለሁ።" ሳህኑን ገፋ አደረገው። "ደግሞስ ብታባርሪው ማን ይተካዋል? እኔ ሁለት ቦታ አልቀመጥ።"

ሎረል አባቷ በእርጅናው ልቡ ራርቷል ብላ ደመደመች። ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ደግሞ ይታለላል። ዓርብ ቆጣሪዋ ስትመጣ ሁሉንም እነግራታለሁ ብላ ቆረጠች።

ሐሙስ አልጠበቃትም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ፔጀሩ ጮኸ፦ የሣር እሳት፣ የኩሬ መንገድ። ከዚያ በላይ አይልም። ጠዋት ጸጥ ያለው ቀን አሁን ከሰሜን ትኩስ ነፋስ ተነሥቶበታል፤ እንዲህ ያለ ነፋስ ትንሽ እሳት አያውቅም። ሎረል ጣቢያው ስትደርስ ቴቪታ ልብሱን ለብሶ ቆሟል። መኪናው ጥላው ሥር ነው። ዳሰሰችው፤ ቀዝቃዛ። ያን ጊዜ ደሟ ፈላ።

"ውረድ!" አለችው፤ አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ ነበር። "ዛሬ አትሄድም። የስም ታርጋህንም ከጣቢያው ግድግዳ ሰሌዳ ላይ አንሣ።"

"ምን አደረግሁ፣ አለቃ?"

"አንተ ንገረኛ! ሥራ እንደሌለህ አውቄያለሁ። ከቤትም አትመጣም። እሳቱ ሳይነገር አንተ ለብሰህ የምትጠብቀው ነቢይ ነህ?"

የቴቪታ ፊት ተለዋወጠ። ያ ሁሉ ሰውነት የሚገባበት አጣ።

"ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በየቀኑ። ዛፉ ሥር። ለአናሲኒ መቀነሴን መንገር አፈርኩ። ምሳዬን ቋጥራ ትሰጠኛለች፣ እዚህ መጥቼ እቀመጣለሁ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ መኪናዬን አላንቀሳቅስም፤ የቤንዚን ገንዘብ የለኝም።"

"ማን አየህ?"

"አባትሽ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ያመጣልኛል። ዛሬም አምጥቶልኝ ነው በፒክአፑ የወጣው።"

ሎረል ወደ ነጩ መኪና ዞር ብላ አየች። ኮፈኖው የቀዘቀዘ ሰው የትም አልሄደም። የትም ያልሄደ ሰው የት ሄዶ እሳት ያነሣል? ሁለት ጊዜ በገዛ እጇ ዳስሳ፣ ሁለት ጊዜ ገልብጣ አንብባዋለች። ምን ዓይነት ጅል ነኝ አለች በልቧ።

ግሌኒስ እያለከለከች ደረሰች። ኸርብ ከጣቢያው ግድግዳ ጥግ ብቅ አለ፤ ፒክአፑን ከመጠለያው ሥር አቁሞታል። ሃምሳ እርምጃ የማይርቅ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ተሻግሮ የሚመጣ ሰው፣ ዛሬ በመኪና። ሎረል ወደዚያ ሄደች። ጣራውን ነካች፤ ለብ ብሏል። ኮፈኖውን ነካች፤ እጇን ሳብ አደረገች። ከውስጥ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ውጪ እንጂ!" አለ ኸርብ የእሳት አደጋ መኪናው ጋቢና ላይ ሆኖ።

"ቴቪታ፣ መኪናው ላይ ውጣ" አለች። "አራት ነን።"

ኸርብ አጠገብ ተቀመጠች። በጎቹን ሊያይ ሄዶ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል፣ እያለች ራሷን ታባብላለች። አንድ ነገር ግን ቀርቷታል። የኩሬ መንገድ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ በጎተራው በኩል፣ አንዱ በድልድዩ በኩል። ፔጀሩ የትኛው እንደሆነ አላለም። ጭሱንም ነፋሱ ምድር ላይ አስተኝቶታል፣ አይታይም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኸርብ "በየት በኩል?" ይላታል፣ እሷም በሬዲዮ ትጠይቃለች። ዛሬ አፏን ዘጋች። እባክህ ጠይቀኝ አባዬ፣ አለች በልቧ፣ እባክህ ጠይቀኝ።

ኸርብ መገንጠያው ላይ አልዘገየም። በድልድዩ በኩል ታጠፈ።

እሳቱም እዚያው ነበር።

የዛሬው ግን እንደ በፊቶቹ አልሆነም። ነፋሱ አጥሩን አሻግሮት ገለባው ውስጥ ገብቷል። ከገለባው ማዶ የማን ቤት እንዳለ ሁሉም ያውቃሉ፤ ቴቪታ የተከራየው ቤት ነው፣ አናሲኒም ውስጥ ናት። ቴቪታ አልጮኸም። ቱቦውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሮጠ፣ ሎረል ተከተለችው። ኸርብ መኪናውን ከእሳቱ ጎን ለጎን ነዳ። ሁለት ሰዓት ታገሉት። ከቤቱ ጓሮ አጥር ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው እሳቱ ሞተ። አናሲኒ ባልዲ ይዛ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር፤ ሥራ ላይ ነው ያለችውን ባሏን ጥቀርሻ ለብሶ ስታየው ባልዲው ከእጇ ወደቀ። ቴቪታ ወደ እሷ ሄደ። የሚነግራትን ማንም አልሰማም።

ሎረል ኸርብን መሪው ላይ ተደፍቶ አገኘችው።

"አሥራ ሁለት ሞላ?" አለችው።

ቀና አላለም። "ጠዋት ነፋስ አልነበረም፣ ሎሪ። እምልልሻለሁ፣ ነፋስ አልነበረም።"

"ሰውየውን ስጠረጥረው እያየህ!"

"እሱ አይደለም ብዬሻለሁ እኮ። አንዲት ነበረች የቀረችን። አንዲት ብቻ። እነዚያ መኪናውን ከወሰዱት ያላምቢ..."

አባቷን ልትመታውም ልታቅፈውም ፈለገች። አንዱንም አላደረገችም። የመኪናውን ቁልፍ ከእሱ ወስዳ ራሷ ነድታ መለሰቻቸው።

ዓርብ ጠዋት ቆጣሪዋ መጣች፤ ቅጽ የያዘች፣ ትሑት፣ ወጣት ሴት። አራቱም ጣቢያው ውስጥ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ሎረል ሌሊቱን የምትለውን ስታጠና ነው ያነጋችው። ከጀርባዋ ሰሌዳው ላይ አራት ቢጫ ታርጋዎች ተሰቅለዋል፤ የኸርብ ቀለሙ የለቀቀው ነው፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ተሰቅሏል።

"በሥራ ቀን፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚደርሱ ስንት ናችሁ?" አለች ቆጣሪዋ። "አራት ብዬ ልጻፍ?"

ሎረል ቅጹ ላይ አቀረቀረች። ግሌኒስ ጣሪያውን ታያለች።

ኸርብ ተነሣ። ጉልበቱን ይዞ በዝግታ ወደ ሰሌዳው ሄደ፣ ታርጋውን አወረደ፣ ሴትዮዋ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ሦስት በይ" አለ። "ጥሪውም አሥራ ሁለት ይላል መዝገቡ። አምስቱን ቀንሺው።"

"ለምን ይቀነሳል?"

"አምስቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ሎረል አለቀሰች፤ ማንም እንዳያያት አልተደበቀችም። በአንድ አፍ አባቷም ጣቢያዋም ሄዱ፤ ያም ሆኖ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ያልቻለችውን ስላደረገው በአባቷ ኮራችበት፣ በመኩራቷም ደግሞ ተናደደች።

ቆጣሪዋ ፖሊስ ልትጠራ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ኸርብ ወንበሩ ላይ ተመልሶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ቴቪታ ቤቱን አስቦ ይሆናል፣ አናሲኒን አስቦ ይሆናል። ከዚያ ወደ ጓዳው ገባ፣ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ተሰማ፣ ሻይ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ፣ ሽማግሌው ፊት አኖረው።

"ስኳሩን ሁለት ነው ያደረግኩት፣ እንደምትወደው" አለው።

ኸርብ ቀና ብሎ አላየውም። ቴቪታ ግን አልሄደም፤ ወንበር ስቦ ከጎኑ ተቀመጠ።