ቢጫ ሎሚ ያለበት ላስቲክ

"ሞተር የሌለው ባጃጅ ሰው ገጭቶ አመለጠ ነው የምትይኝ?"

ራሂማ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ በመዳፏ ተጭና ያዘችው። መብራት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ሆኖታል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የጋምቤላ የመጋቢት ሙቀት ቢሮውን እንደ ዳቦ ቤት አግሎታል። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ወለላ፣ የመኪና አደጋ ካሳ ጉዳዮችን የምትይዘው ሠራተኛ፣ በባዶ ፋይል ፊቷን ታራግባለች።

"እኔ አላልኩም፣ ወይዘሮ ራሂማ። ፋይሉ ላይ የሰፈረው ነው።"

"ፋይሉ አፍ አለው እንዴ? የጻፈው ሰው ነው።"

ደብዳቤው ሱቋ ድረስ የመጣው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ባለፈው ዓመት ጥር አሥራ አራት ቀን፣ በስሟ የተመዘገበና ኢንሹራንስ የሌለው ባጃጅ፣ ኢታንግ መንገድ ላይ ወይዘሮ ኛሪየክ ዱዎት የተባሉ ዓሣ ነጋዴ ገጭቶ አምልጧል ይላል። ኢንሹራንስ በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዱ የሚከፍለው ይህ መሥሪያ ቤት የተጎጂዋን ሕክምናና ካሳ ስለሸፈነ፣ ባለንብረቷ አንድ መቶ ስድሳ ሁለት ሺህ ብር በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ትተካ፤ ካልተካች ንብረቷ ይታገዳል። ቀኑ የሚያልቀው ዛሬ ነው።

ራሂማ የጠረጴዛ ላስቲክ፣ ምንጣፍና የመጋረጃ ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ሱቋ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ተጠራርጎ ቢሸጥ ይህን ብር አይሞላም። ሁለቱን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። ለደንበኛውም ለመንገደኛውም ደብዳቤውን እያነበበች፣ ያቺን ዓሣ ነጋዴ ስትረግም ነው የከረመችው። ባልዋለችበት ዕዳ!

"ደረሰኙን እዪው" አለች፣ ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ። "ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሎ ጥር ስድስት ቀን በአውቶቡስ ወደ ጅማ ተላከ። የመጣው የካቲት ሦስት ነው። በመሀሉ ባጃጁ ጋራዥ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኢንሹራንሱንም ያላሳደስኩት ለዚሁ ነው፤ ለቆመ ባጃጅ ማን ይከፍላል?"

ወለላ ደረሰኙን ገልብጣ አየችው፤ ማህተሙን አየችው። ክፉ ሴት አልነበረችም።

"ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው" አለች። "ግን ምስክሮቹ ያነበቡት ታርጋ ነው። ታርጋውስ የት ነበር?"

"የት ይሆናል? ባጃጁ ላይ ነዋ። ማመልከቻዬ ላይ አለልሽ፤ 'ታርጋው ከባጃጁ ተለይቶ አያውቅም' ብዬ አስጽፌያለሁ።"

"ታዲያ ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?"

"ሴትዮዋ ዋሽታለች ነዋ። እስቲ ምን እንዳለች አንብቢልኝ፤ ቃል በቃል።"

"ከኑዌርኛ የተተረጎመ ነው፤ ረዘም ይላል።"

"ይርዘም። አንብቢው።"

አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል። ወለላ ፋይሉን ገለጠች፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ አነበበች።

"'ዓሣ ተሸክሜ በመንገዱ ዳር ስሄድ ከኋላዬ መታኝ። ወደቅሁ። ባጃጅ ነው፤ ሰማያዊ ነው። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ቁጥሩን ያነበቡት ሌሎች ናቸው። እኔ ያየሁት ኋላውን ነው። ኋላው ላይ ቢጫ ሎሚ ያለበት ላስቲክ ተጋርዷል፤ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ዓይነት። ትንሽ ሄደና ቆመ። ልጁ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። እግሬንም አየ። ከዚያ ሄደ።'"



ራሂማ ያንን ላስቲክ ታውቀዋለች። ሎሚ ያለበት ጥቅል አንድ ብቻ ነበር የመጣላት፤ ገዢ አጥቶ ጥግ ላይ ከርሟል። ካቻምና ክረምት ላይ የወንድሟ የአብራር ባጃጅ የኋላ መጋረጃ በዝናብ ሲቀደድ፣ አንድ ሜትር ተኩል በራሷ መቀስ ቆርጣ የሰጠችው እሷው ናት። "ባጃጅህ ሬስቶራንት መሰለ" ብላ ስቃበትም ነበር። ሳንቲም አልተቀበለችውም።

"ወይዘሮ ራሂማ? ውሃ ላምጣልዎት?"

"አልፈልግም።" ማመልከቻውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው። "ይህ የቀረው ነገር አለ።"

"እስከ አሥራ አንድ ተኩል ድረስ ነው የምቀበልዎት። ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ የኔ አይደለም።"

"እመለሳለሁ" አለችና ወጣች።

*

የዋል ጋራዥ አንድ የኒም ዛፍ፣ አንድ ቆርቆሮና የዘይት ሽታ ነው። መካኒኩ ዋል ከአንድ ባጃጅ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ድምጿን ሲሰማ ተስቦ ወጣ።

"ዋል፣ ያኔ ባጃጄ እዚህ ድንጋይ ላይ ሳለ ታርጋ ነበረው?"

ዋል እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። አማርኛን የሚናገረው ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው፣ አንድ በአንድ ነው።

"ነበረው" አለ። "ከዚያ አልነበረውም። ከዚያ ደግሞ ነበረው።"

"ማን ወሰደው?"

"አብራር ነው። አሥር ቁጥር መፍቻ ስጠኝ አለ፤ ሰጠሁ። ፈታ፤ ሄደ። እህቴ ናት የላከችኝ አለ።"

"እኔ አልላክሁትም።"

ዋል ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለው። "እሱ ወንድምሽ ነው፣ እህት ራሂማ። ወንድም ሲወስድ እኔ ሌባ አልልም።" ወደ ባጃጁ ጎንበስ እያለ ጨመረ፤ "ብዙ አልቆየም። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። ሲመልስ ራሱ አሰረው። ብሎኑ ላልቶ ነበር፤ እኔ አጠበቅሁት።"

*

አብራርን ያገኘችው ባሮ ዳር ነው። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ነጂዎች እየወረዱ የሚያጥቡበት ቦታ ላይ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በሳሙና አረፋ ጎማ ይፈትጋል። አባታቸው ሙሄ፣ አቦቦ ከተማ ላይ ሲሞት ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት፤ ያስተማረችውም፣ ከነጅሚያ ጋር የዳረችውም። ለባጃጁ መግዣም ዕቁቧን አውጥታለታለች።

በባጃጁ ኋላ ዞረች። መጋረጃው ጥቁር ሸራ ነው።

"ሎሚው የት ሄደ?"

አብራር ስፖንጁን እንደያዘ ቀና አለ። "አንቺ! ምነው በዚህ ፀሐይ? ሱቁን ማን ያዘልሽ?"

"ሎሚው የት ሄደ አልኩህ።"

"ተቀደደ። ጣልኩት።"

"መቼ?"

ወደ ወንዙ አየ፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ነጂዎች፤ ከዚያ ድምጹን ዝቅ አደረገ።

"ትራፊክ ታርጋዬን ፈትቶብኝ ነበር፣ ራሂ። ቅጣቱን እስክከፍል ሥራ ልፈታ ነው? ያንቺ ያለ ሥራ ቆሟል። ለሦስት ቀን ብዬ ነው። ሁሉም ያደርገዋል።"

"ሴትዮዋንስ? እሷንም ሁሉም ያደርጋታል?"

"ድንገት ገባችብኝ።"

"ከኋላዋ ነው የመታሃት። ከኋላው የተመታ ሰው እንዴት ድንገት ይገባል?"

ከስፖንጁ ውሃ እግሩ ላይ ይንጠባጠባል። "ሰው መሰብሰብ ጀመረ" አለ። "ፈራሁ። ቢይዙኝ ምን እንደሚያደርጉኝ አንቺ ታጪዋለሽ?"

"ፖሊስ ጣቢያ ነበረልህ። ሆስፒታል ነበረልህ። በማግስቱም ቀን ነበረልህ።" አንድ እርምጃ ቀረበችው። "አንገትህን አውጥተህ አይተሃታል?"

አብራር ጎንበስ ብሎ ጎማውን መፈተግ ጀመረ። ሌላ መልስ አላስፈለጋትም።

ከሁሉ የባሰ ያቃጠላት ግን ታርጋው አልነበረም። እነዚህን ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ሱቋ እየመጣ፣ እሷው በከፈለችው ሻይ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሴትዮዋን ስትረግም ሰምቷል። ሰምቶም ዝም አላለም።

"'ብር ከሸተታቸው እኮ እግራቸውንም ራሳቸው ይሰብራሉ' ያልከኝ አንተ ነህ" አለችው። "በአፍህ! ሻይ እየጠጣህ! እኔም አሚን አልኩህ።"

"ምን ልበል ታዲያ?"

ባልዲውን በእግሯ መታችው። የሳሙናው ውሃ ጭቃውን ተሻግሮ ወደ ባሮ ወረደ። አጠገባቸው የሚያጥቡት ነጂዎች ያላዩ መሰሉ።

አብራር ባልዲውን አነሳና ቀረባት። ድምጹ ተለወጠ፤ ልጅ ሳለ ዕቃ ሲሰብር የሚያወጣው ድምጽ ነው።

"ስሚኝ፣ እህቴ። ደረሰኝ አለሽ፤ ሞተር አልነበረውም። ታርጋው ተሰርቆ ነበር በያቸው፤ በቃ። ማን እንደሰረቀ ማን ያውቃል? ዋል አይናገርም። አንቺም አትከፍዪም፤ እኔም አልታሰርም። ሴትዮዋም ካሳዋን ወስዳለች፤ ማንም አልተጎዳም። ነጅሚያ የአርባ ቀን ልጅ ታቅፋ ነው ያለችው።"

የሚያስጠላው ነገር፣ እውነቱን መሆኑ ነበር። ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ሱቁም ይተርፋል፤ ልጁም ከአባቱ አይለይም። ራሂማ ለአንድ አፍታ ቃሉን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው።

"ማንም አልተጎዳም አልክ?" አለች በመጨረሻ። ሌላ ሳትጨምር ዳገቱን ወጣች። ከኋላዋ ስሟን ሲጠራ ሰማች፤ አልዞረችም።

*

ጋሽ ተክሌ፣ ጡረታ የወጡ መምህርና ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ጠዋት ማመልከቻዋን ጽፈውላት በተወቻቸው ቦታ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ናቸው። ስልኳ መንገዱን ሁሉ ሲጮህ ነበር። አውጥታ አየችው፤ አብራር ነው። በጀርባው ገልብጣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው።

"ምነው፣ ማህተም አንሶታል አሉሽ?" አሉ ተክሌ መነጽራቸውን እያወረዱ። "'እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል' ብዬሽ አልነበር?"

"ጠራ፣ ጋሽ ተክሌ። 'ታርጋው ከባጃጁ ተለይቶ አያውቅም' የሚለውን ያውጡት። ተለይቶ ነበር።"

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሳትደብቅ። ተክሌ ሰምተው ሲጨርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እኔ ጸሐፊ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ግን ሳልነግርሽ ብጽፍ ኃጢአት ነው። 'ባልታወቀ ሰው ተሰርቆ' ካልኩት ነፃ የመውጣት ዕድልሽ ሰፊ ነው። ወንድሜ ወሰደው ካልሽ፣ እሱ ይታሰራል፤ አንቺንም ታርጋሽን መጠበቅ ነበረብሽ ብለው ከዕዳው ሊያካፍሉሽ ይችላሉ። ሁለት ጊዜ ነው የምትከስሪው።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ እውነት ይዤ ነበር የጮህኩት። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነው። ውሸት ይዤ መጮህ ግን አልችልበትም፤ ጉሮሮዬ አይከፈትም። ሰዓቱ ደርሷል፤ ይጻፉልኝ።"

ተክሌ አዲስ ወረቀት አነሱ። ስለ ሞተሩ ጻፉ፤ ስለ ደረሰኙ ጻፉ። "ታርጋው በጥር ወር፣ ሞተሩ ጅማ ሳለ፣ ያለ አመልካች ዕውቅና የተወሰደ ሲሆን፣ የወሰደውም..." ብለው ቆሙ።

"አብራር ሙሄ" አለች።

ተክሌ ወረቀቱን ከላይ አዩት። አመልካች፦ ወይዘሮ ራሂማ ሙሄ።

"የአባቱን ስም ብንተወው? ራሳቸው ያጣሩት።"

"አባታችን አንድ ነው፣ ጋሽ ተክሌ። ይጻፉት።"

ጻፉት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ ሁለቱም አላነሱትም። ተክሌ "ከላይ የሰፈረው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ" የሚለውን መዝጊያ ሊጽፉ ሲሉ እጇን ወረቀቱ ጫፍ ላይ አደረገች።

"አንድ መስመር ይቀራል። ቢጫ ሎሚ ያለበት ላስቲክ፣ ሴትዮዋ ያየችው፣ ከአመልካች ሱቅ የተቆረጠ ነው ይበሉ። አንድ ሜትር ተኩል።"

"ይህ ምን ይጠቅምሻል? እንዲያውም ይጎዳሻል እንጂ።"

"እኔን አይጠቅመኝም። ኛሪየክ ዱዎት የተናገረችው ልክ መሆኑን አንድ ሰው ይጻፍላት።"

ተክሌ መስመሩን ጨመሩ። ራሂማ ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች፤ የማስጻፊያውን ከፈለች፤ ወረቀቱን ይዛ አሥራ አንድ ተኩል ሳይሞላ ለመድረስ በፈጣን እርምጃ ወደ ወለላ ቢሮ ሄደች።