የስለት ቄጠማ

ከደብረ ኤልያስ ወረድ ብሎ የነበረው ረግረግ ታርሶ ማሳ ከሆነ ወዲህ፣ ለቀዳም ሥዑር የሚታደለው ቄጠማ የሚመጣው ከሩቅ ነው። አምና እስከዳር ምጥ ጠንቶባት በተጨነቀች ጊዜ ባሏ ታረቀኝ፣ «ሩፋኤል ሆይ፣ በሰላም ብትገላግልልኝ የከርሞውን ቄጠማ ከእጄ ታገኛለህ» ብሎ ተሳለ። እስከዳር ወንድ ልጅ ታቀፈች። ታረቀኝም በጓሮው ካለችው ምንጭ ሥር ኩሬ ቆፈረ፤ ከወንዝ ዳር የለቀመውን የቄጠማ ሥር ጭቃው ውስጥ ተከለ። ዓይን አፋር ነውና ስለቱን ከሚስቱ በቀር ለማንም አልተናገረም።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ቄጠማው ጉልበት ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ታረቀኝ ገበያ ውሎ ሲመለስ ግን ኩሬው ተመልጦ ጠበቀው። ጎረቤቱ አያ ደርቤ ቁምጣቸው በጭቃ ተለውሶ መካከሉ ላይ ቆመዋል።

«መጣህ? ኩሬ ቆፍረህ የተከልኸውን ሩዝ አረም ሊውጠው ነበር እኮ! ሕፃን ያለበት ቤት እጅ ያጥረዋል ብዬ አረምሁልህ። ግን ሩዙ የቱ ነው?»

ታረቀኝ ዳር ላይ የተከመረውን ቄጠማ አየ። «አያ ደርቤ… እሱ ራሱ ነበር።»

«ምኑ?»

«የተከልሁት።»

«ቄጠማ? ሰው አረም ይተክላል እንዴ?» ብለው ሳቁ። ፊቱን ሲያዩ ግን ሳቃቸው ተቆረጠ። ስለቱን ሲነግራቸው አማተቡ።

«ምነው፣ አፍ አልፈጠረብህም? የሩፋኤልን ስለት ነቀልሁት በለኛ!»

«በቃ፣ ሞተ» አለ ታረቀኝ። «ቃሌን ያጠፍሁ ሰው ሆንሁ።»

«ማ? ይህ ነው የሚሞተው? ዕድሜዬን ሙሉ ከማሳዬ ስነቅለው አንድ ቀን ሞቶልኝ አያውቅም! ዛሬ ላንተ ብሎ ይሞታል? ይልቅ ና፣ ያዝ!»

ከተከመረው ውስጥ ሥሩ ያልተበጠሰውን እየመረጡ እስኪመሽ መልሰው ተከሉት። ከዚያ ወዲህ አያ ደርቤ ጠዋት ጠዋት ኩሬው ዳር ይቆማሉ። «ብቀል፣ አንተ ከይሲ! ስትፈለግ ትግደረደራለህ?» ይሉታል። እስከዳር በመስኮት እየሰማች በሳቅ ትፈርሳለች።

ቄጠማው በቀለ፤ ግን አጭርና ስስ ሆኖ ነው። የቀዳም ሥዑር ንጋት ላይ ታረቀኝ አጭዶ አንዲት ሸክም ብቻ ለሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ሲያስረክብ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። ቄሰ ገበዙ ቆጥበው ለያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ዘለላ አደሉ። ታረቀኝ ቀና ሲል የደጀ ሰላሙ ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ አረንጓዴ አስሯል።

«ይህ እርጥብ ከወዴት ተገኘ?» አሉ አንዲት እናት።

ታረቀኝ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቶ ተናገረ። «ሩፋኤል ልጄን ሰጠኝ፤ እኔም ይህችን አመጣሁለት። አያ ደርቤ ባይረዱኝ አልደርስም ነበር።»

አያ ደርቤ አዩት። ግንባራቸው ላይ ያሰሩትን ቄጠማ ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው አቀረቀሩ።