ለጠላቂው ክንድ የሚሆን ማሰሪያ

“ለእጮኛሽ ከሆነ ቆዳ ውሰጂ። ወንድ ልጅ ቆዳ ሲያስር ያምርበታል” አሉኝ ኦቦ ነገራ።

“ለእጮኛዬ አይደለም።”

“ለአባትሽ ነዋ! እንግዲያውስ ብረት።”

አባቴ ሰዓት አስረው አያውቁም። ይህን ማስረዳት ስላሳፈረኝ ዕቃውን ከቦርሳዬ አውጥቼ የመስታወት ሳጥናቸው ላይ አስቀመጥኩ። ኦቦ ነገራ አምቦ ላይ፣ ከባንክ ደረጃ ሥር ተቀምጠው ሰዓት ይጠግናሉ። አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አገላበጡት።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የደም ግፊት መለኪያ?”

“የጠላቂ ኮምፒውተር ነው። ሐይቅ ውስጥ የሚወርድ ሰው ክንዱ ላይ ያስረዋል። ስንት ሜትር እንደወረደ፣ ሲመለስ ምን ያህል ቀስ ማለት እንዳለበት ይነግረዋል።”

“ካልነገረውስ?”

“ቶሎ ከወጣ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ሽባ ሊሆን ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል።”

“ያ ዋቃ!” አሉና አሮጌውን ማሰሪያ በሁለት ጣት አነሱት።

ማሰሪያው መሃሉ ላይ ተበጥሷል። የቀረው ጎማ ከእርጅና ብዛት እንደታኘከ ማስቲካ ይጣበቃል። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሐይቅ ዝቃጭና የሰው ቆዳ ፍርፋሪ አብረው ደርቀዋል። ሁለት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ስለከረመ ደብተሮቼ ሁሉ እርጥብ ካልሲ ካልሲ ይሸታሉ።

የሐይቅ ጥናት ፕሮጀክት ውስጥ ረዳት ነኝ። ጠላቂያችን ፉአድ ሐሙስ ደንዲ ሐይቅ ገብቶ ከታች ጭቃ ያወጣል። ያ ዕለት ማክሰኞ ነበር።

ኦቦ ነገራ ያገለገሉ ማሰሪያዎች የሞሉበትን የብስኩት ቆርቆሮ ዘረገፉልኝ። የማላውቃቸው ሰዎች ላብ ያጠቆራቸው ነበሩ። አንዱ መቆለፊያ ላይ ፀጉር ተጠምጥሟል። እሱኑ መርጠው፣ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ወለወሉትና “እይ፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ አዲስ!” ብለው መዳፌ ላይ አኖሩት። እርጥብ ነበር። እጄን መሰብሰብ ነውር መሰለኝና ያዝኩት።

“ቆዳ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል” አልኳቸው። “ብረቱም አይደርስም፤ የሚታሰረው በወፍራም የጎማ ልብስ ላይ ነው።”

“ጨርቁስ? ረጅም ነው።”

“አይለጠጥም። ሲወርድ ውሃው ልብሱን ይጨምቀዋል፤ ልብሱ ሲሳሳ ላይ ጥብቅ የነበረው ማሰሪያ ታች ይላላል። ረጅምና የሚለጠጥ ጎማ ነው የሚያስፈልገኝ።”

“እንዲህ ያለ ዕቃ ከሳጥኑ ጋር ትርፍ ማሰሪያ ይመጣለታል እኮ።”

መመሪያው ላይ እኔም አይቻለሁ፤ ነጭ የጥልቀት ቁጥሮች የተደረደሩበት ረጅም ጥቁር ጎማ ተስሏል። ሳጥኑን የከፈቱት አስተባባሪያችን አቶ ሥዩም ግን አልነበረም ብለውኛል። “ፋብሪካው አጭበርብሮናል” ነበር ያሉት። አመስግኜ ተነሳሁ፤ እጄን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

የሐሙሱን የመኪና ፈቃድ ማስፈረም ነበረብኝ። አቶ ሥዩምን ያገኘኋቸው ሥጋ ቤት፣ ከጌዶ ከመጡ ሁለት ወዳጆቻቸው ጋር ክትፎ ላይ ነው።

“ነይ ትንሳኤ! ነይ፣ አፍሽን ክፈቺ!”

“በልቻለሁ ጋሼ። ፊርማ ብቻ...”

“በሞቴ!”

በሞቴ ካሉ በኋላ እምቢ አይባልም። ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡት። ቅቤው በጣቶቻቸው መሃል ወርዶ አንጓቸው ላይ ደረሰ። እዚያ ትልቅ ወርቃማ ሰዓት ታስሯል። ማሰሪያው ጥቁር ጎማ ነው፤ ነጭ ቁጥሮች ተደርድረውበታል፦ 10፣ 20፣ 30። ቅቤው ቁጥሮቹ ውስጥ ገብቶ ረግቷል። ይህን ሳይ አፌ ሞልቶ ነበር።

ዋጥኩት።

“አንድ ጉርሻ ያጣላል!” አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

አፌን በእጄ ሸፈንኩ። “ይቅርብኝ።”

ወዳጆቻቸው ማኘክ አቆሙ።

“ማሰሪያው የፉአድ ነው” አልኩ። ድምፄ ትንሽ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰሙ።

“የቱ?” አቶ ሥዩም አንጓቸውን አይተው ሳቁ። “ይቺን ጎማ ነው? ሳጥን ውስጥ ከምትበሰብስ ብዬ እኮ ነው።”

“ለሐሙስ ይመልሱልኝ።”

“ምን ያደርግልሻል? ረዝማብኝ እኩሌታዋን አስቆርጫታለሁ።”

“ሥዩም፣ ይቺ ልጅ ኦዲተር ናት እንዴ?” አለ አንደኛው።

“በሲባጎ ይሰረው!” አሉ አቶ ሥዩም። “ድሮ ሰው በኮምፒውተር ነበር እንዴ የሚዋኘው?”

ሳቁ። ያልወሰድኩትን ጉርሻ ራሳቸው ጎረሱት፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠቡ። ከዚያ በቁራሽ እንጀራ የማሰሪያውን ቅቤ ጠርገው፣ እንጀራውንም በሉት። ወረቀቴን ተቀብለው ፈረሙ። ፊርማው አጠገብ የአውራ ጣታቸው ቅባት ዓሣ መስሎ ቀረ።

ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ሄጄ ተፋሁ። የዋጥኩት ግን አልወጣም። የሰውየውን እጅ ያህል የራሴ ጉሮሮ ቀፈፈኝ፤ አይቼ፣ አውቄ ነው የዋጥኩት።

ፉአድ ጅቡቲ ወደብ ላይ መጥለቅ የተማረ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ቢሮ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። የሆነውን ነገርኩት።

“ቆርጠውታል?”

“እኩሌታውን።”

“እንግዲህ የእኔን ክንድ ይቆርጡልኛል” አለና የመጥለቂያ ልብሱን ይዞ ተነሳ።

በጌዶ መውጫ ያለ ኦሊቃ የሚባል ጎሚስታ ዘንድ ሄድን። ጎማ ሲጠግን ደርሰን ጉዳያችንን ሰማ፤ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ሁለት ረጃጅም ቁራጭ ቀደደና በኮምፒውተሩ ጆሮዎች አሾልኮ ቋጠራቸው። ፉአድ የልብሱን አንድ እጅጌ ለብሶ አሰረው። ከዚያ ቀዳዳ ጎማ የሚፈተሽበት በርሜል ውስጥ ክንዱን እስከ ክርኑ ከተተ። ውሃው በዘይት ጠቁሯል፤ የሲጋራ ቁራጭና የሞተ ዝንብ ተንሳፍፈውበታል።

“አንቺ ውሃው ሁኚ” አለኝ። “በሁለት እጅሽ ጭመቂው።”

እጄን ከተትኩ። ዝልግልግ ያለ ነገር ጣቶቼን ነካኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በሙሉ ኃይሌ ክንዱን ጨመቅሁት፤ ልብሱ ሲሳሳ ጎማው አብሮ ጠበበ። ሳላላ ጎማውም ተለጠጠ።

“ድገሚው” አለ ፉአድ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ማሰሪያው ንቅንቅ አላለም።

“ሲሞት ግን እኔን እንዳትከሱኝ” አለ ኦሊቃ።

“ከሞትኩ ማን ይከስሃል?” አለው ፉአድ።

ሐሙስ ፉአድ ደንዲ ሐይቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ሜትር ወረደ፤ ኮምፒውተሩ ባዘዘው ፍጥነት ቀስ ብሎ ወጣ። ሰኞ ጠዋት አቶ ሥዩም የዝውውር ደብዳቤ ሰጡኝ፤ በሳምንቱ ጎጆ የምትባል ከተማ ሄጄ የዝናብ መለኪያ ማንበብ ጀመርኩ።