አቧራ መስሎኝ

እህቴ የሥዕሏን ኅትመት ልትፈርም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች። እኔ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ እግሬ አላርፍ ብሏል። አርባው ኅትመት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፦ አርባ ወፍ፣ ሰማያዊ ክንፍ፣ ብርቱካንማ ደረት፣ ቀለሙ ቁርጥ ዋናውን ሥዕል። አንዷም ግን አታይም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሥዕል በስካነር ስናነሳ አቧራውም አብሮ ይነሳል፤ ነጫጭ ነጥቦቹን ኮምፒዩተር ላይ አንድ በአንድ ማጥፋት የኔ ሥራ ነው። ጉራ አይሁንብኝና፣ እዚህ ቤት እንደኔ አቧራ የሚለቅም የለም። ዛሬ ጠዋት ያልጸዳውን ፋይል ስከፍት ጉዴ ፈላ። ከለቀምኳቸው ሦስት መቶ ነጥቦች አንዷ አቧራ አልነበረችም። እህቴ በወፏ ብሌን ላይ ያኖረቻት፣ ዓይኗን የምታበራ የብርሃን ነጥብ ነበረች።

እንደገና ማተሙ ቀላል ነው። የሚከብደው ለእሷ መንገሩ ነው። ይህ ሥዕል እጇን መንቀጥቀጥ ሳይጀምራት የሠራችው የመጨረሻው ነው፤ ዋናው ተሸጦ ባሕር ተሻግሯል። ለኅትመቱ ሌሎች ሲለምኗት «ወፌን ከወንድሜ በቀር ለማንም አልሰጥም» ያለች ሴት ናት። አሁን ስሟን እንኳ የምትጽፈው ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ነው። ዝም በል፣ ማን ልብ ይላል? እላለሁ። ደግሞ መልሼ ራሴን እረግማለሁ።

መጣች። በሩ ላይ ቆም ብላ ጠረጴዛውን ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ። ነቃችብኝ ብዬ ክው አልኩ። እሷ ግን ካፖርቷን አውልቃ ተቀመጠችና እርሳስ ጠየቀችኝ።

አንዱን ፈረመች። ሁለተኛውን ፈረመች፤ ፊደሎቹ እየተንገዳገዱ። እኔ ወረቀት አስተካክላለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ።

«አንተ ቀዥቃዣ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል? ቁጭ በል!»

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

«በየት በኩል?»

ሦስተኛውን ፈርማ ስትጨርስ እርሳሱ አመለጣት። ጎንበስ ብላ ስታነሳው ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ፤ አንጀቴን በላችው። ከዚህ በላይ አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ በቃሽ፣ አትፈርሚ። ዓይኗን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አቧራ መስሎኝ ነው።»

ቀና አለች። ስድቧን ጠበቅሁ።

«ምኑን?»

«ነጯን ነጥብ። አንቺ አኑረሻት ነበር፤ እኔ ጠረግኳት።»

«አኑሬያት ነበር?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ያልጸዳውን ፋይል ከፈትኩላት። ወፏ ከስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብላ አየችን። እህቴ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች። እያለቀሰች መሆኗን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

«በሩ ላይ ሆኜ ሳያት» አለች፣ «ለካ ስሥላት ያኔውኑ አልቆልኛል፣ ዓይን የሌላት ወፍ ሠርቼ እንኳ አላወቅሁም አልኩ። አንተ እንዳታውቅብኝ ነው ዝም ብዬ የፈረምኩት።»

የፈረመቻቸውን ሦስቱን ሰብስባ ደረቴ ላይ ለጠፈችብኝ።

«ቅደዳቸውና እንደገና አትም። የትም አልሄድም፤ አርባውንም እፈርማለሁ» ብላ እርሳሱን ትቀርጽ ጀመር።