ከጣና የተመለሰው መቀመጫ

ነጋዴው አቶ ወልደገብርኤል የሽንት ቤቱን መቀመጫ አስጭነው ፒያሳ ሲደርሱ ዐፊፋ ከቧንቧ ሱቋ በር ላይ ቆማ ነበር። መቀመጫውን አይታ አወቀችው። ባሏ ዘይኑዲን ጣና ድረስ ሄዶ በነጋዴው ጀልባ ላይ የገጠመው ነው። ሥራውን ጨርሶ እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ተኛ። ሲነጋ ጀልባዋም እሱም ከውሃ በታች ነበሩ።

«ይህን ከሐይቁ አስወጥቼ አዲስ ጀልባ ገዝቻለሁ፣ ልጄ። ወንድምሽ እንደ ድሮው አድርጎ ይግጠምልኝ» አሏት።

ወንድሟ ኑሪ መቀመጫው ላይ ጉብ አለ። «እቴ፣ ከጊዮርጊስ እስከ ሥላሴ ቢፈለግ የጀልባ ዙፋን ያለው ከእኔ ሌላ ይገኛል?»

እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ሱቁን ስትከፍት መቀመጫው ውሃ ይዟል። አብሮት የመጣው ውሃ መሳቢያ ጎማ ከምንም ሳይቀጠል ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ጥር ነው፤ ዝናብ የለም። ውሃው እንደ ጣና ዳር ቄጠማ ደንገል ደንገል ይሸታል።

«ድመት ይሆናል» አለ ኑሪ።

«ይህን ያህል የሸናች ድመት ነብር ናት።»

ደፍታ ወለወለችው። በነጋው ዳግም ሞላ። ወለሉን ልትወለውል የዘይኑዲንን ቆብ ከሚስማሩ አውርዳ ጎማውን በምትኩ ሰቀለችው። በማግስቱ መቀመጫው ደረቅ ነበር። ኑሪ ኮቱን ሊሰቅል ጎማውን ሲያወርደው ግን ውሃው ሞልቶ ፈሶ ደፍ ድረስ ወርዶ አደረ።

ያን ጊዜ ባሏ የሚላት ገባት። ዘይኑዲን ንጹሕ ሰው ነበር። የጣናን ውሃ ሰው ይጠጣዋል ብሎ ነጃሳው ወደ ሐይቁ እንዳይወርድ ማጠራቀሚያ በርሜል አበጅቷል። የሚወጣውን ሲጠብቅ የሚገባውን ረሳ። ማጠቢያ ውሃ የሚስበው ጎማ በጀልባዋ ወለል ሥር ተዘርግቶ ነበር። ቁልቁለት አገር ላደገ ቧንቧ ሠራተኛ ውሃ መውረድ እንጂ መውጣት አያውቅም። ጀልባ ውስጥ ግን መቀመጫው ከሐይቁ ፊት ዝቅ ይላል፤ ያን ሌሊት ሐይቁ የገባው በዚያ ጎማ ነው።

«ጎማው ከሐይቁ ፊት በላይ ወጥቶ ይታጠፍ» አለችው ኑሪን። «አናቱ ላይ አየር ማስገቢያ አብጅለት፤ አለዚያ አንዴ የተሳበ ውሃ መምጣቱን አይተውም። ከታችም መዝጊያ ይኑረው።»

አቶ ወልደገብርኤል ሊወስዱት ሲመጡ ይህን ሰምተው ሳቁ። «እንግዳ ጋብዤ የጀልባዬን አንጀት ላሳይ? እንደ ድሮው ከወለሉ ሥር ይሂድ!»

ኑሪ ሻንጣውን አንሥቷል። «እሺ፣ ጌታዬ» አለ።

ዐፊፋ ጎማውን ከሚስማሩ አውርዳ ከሰውዬው እግር ሥር ዘረጋችው።

«ይኸው፣ እንደ ድሮው።»

መቀመጫው ተንቆረቆረ። ጥቁር ውሃ ከሥሩ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ከአፉ ሞልቶ ፈሰሰ፤ የነጋዴውን ጫማ ነካ። ከቸርችል ጎዳና የታክሲ ጡሩምባ ይሰማል። አቶ ወልደገብርኤል ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ። ኑሪ ጎማውን አፈፍ አድርጎ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣው። ውሃው ቆመ። ሊያወርደው ፈርቶ እንደያዘው ቆየ።

«ይሰቀል» አሉ ሰውዬው፣ ጫማቸውን ከውሃው አርቀው።

መቀመጫውንና ኑሪን የጫነው መኪና ጊዮርጊስን ዞሮ ሲሰወር ዐፊፋ ቆቡን ወደ ሚስማሩ መለሰች። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው፣ ውሃው መጥቶ እንደሆነ ብላ፣ ጨርቅ ይዛ ሱቁን ትከፍታለች። ወለሉ ሁሌም ደረቅ ነው።

ኑሪ ፀሐይ አጥቁሮት ከጣና ተመለሰ። «ጀልባዋ ውስጥ ተኝቼ አደርኩ፣ እቴ። አንዲት ጠብታ አልገባችም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ተንበርክካ በመዳፏ ሲሚንቶውን ዳሰሰችው። አቧራ እንጂ ደንገል አይሸትም። ዘይኑዲን ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አምርራ ያለቀሰችው ያን ቀን ነው።