ወንበር የጫነች ብስክሌት

በአንበጣው ዓመት ማሽላው ሳይታጨድ አለቀ። የቀረው አገዳ ነው። እህል ናረ፤ ከብት ረከሰ። በዚያው ጥቅምት አምባሰል ላይ የኑርሁሴን ሚስት መሪማ በጠና ታመመች። ተሸክማ ወደ ሐይቅ ከተማ ሐኪም ቤት ያወረደቻት የጎረቤታቸው የአሻግሬ በቅሎ ናት። መሪማ ዳነች፤ በቅሎዋ ግን ስትመለስ ገደል ገባች።

አሻግሬ ካሣ አልቀበልም አለ። ኑርሁሴን ብር ቢሰጠው መለሰ፤ ጊደር ቢነዳለት መለሰ። ኑርሁሴን ሐይቅ ወርዶ ብስክሌት መጠገን ከጀመረም ወዲህ፣ አሻግሬን ለቅሶ ቤት ባየው ቁጥር ጉርሻውን ሳይጨርስ ይነሳል። የሰው በቅሎ በልቶ አምስት ዓመት!

አንድ ቅዳሜ አሻግሬ ከልጅ ልጁ ከሰላማዊት ጋር ጥገና ቤቱ መጣ። ልጅቱ በማግስቱ ከጓደኞቿ ጋር በብስክሌት ላሊበላ ልትሄድ ነው፤ በየመንገዱ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ። እንዲህ ያለ መንገድ ወጥታ አታውቅም። ብስክሌቷ በዕቃ ብዛት አትታይም።

ኑርሁሴን አንዱን በሁለት ጣቱ አነሳ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የሚታጠፍ ወንበር ነው፣ አባባ።»

«መርሳ ስታድሪ የምትቀመጪበት ድንጋይ አልቋል?» ሌላ አነሳ። «ይኼስ?»

«ትራስ። በአፍ ይነፋል።»

«ወላሂ! ቀኑን ሙሉ ዳገት ስትገፊ ውለሽ ማታ ትራስ ልትነፊ! ትንፋሽ ተርፎሽ ነው?»

አሻግሬ ሳቀ። «ተዋት እንጂ፣ የዘንድሮ መንገደኛ እንዲህ ነው።»

«መንገደኛ? ይኼ ቤት መልቀቅ ነው።» ወደ ልጅቱ ዞረ። «ብስክሌቷንስ ምን ብለሽ መረጥሻት?»

«ብሩን ድንኳኑ ጨረሰው። እሷን በርካሽ ነው ያገኘኋት። ቀለሟ አያምርም?»

ኑርሁሴን በካራ ጫፍ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ቀለም ፋቀው። ብረቱ ዙሪያውን ተሰንጥቋል።

«በዚህ ነው የውጫሌን ቁልቁለት የምትወርጂ? ሙሽራም በዓይኗ ኩል ብቻ አትመረጥ!»

ሰላማዊት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይበየድላታ» አለ አሻግሬ።

«የተበየደውን እኮ ነው ያሳየሁህ። ተበይዶ ደግሞ የተሰነጠቀ ነው።»

ጓዳ ገባና የራሱን ብስክሌት እየገፋ ወጣ። ጥቁር ናት፤ መልክ የላትም፤ ዱቄትም ሲሚንቶም ተሸክማ ያልጎበጠች። ወንበሩንና ትራሱን ወደ ጥግ ወረወረ። ድንኳኑን፣ ብርድ ልብሱንና ስንቁን ግራና ቀኝ እንደ በቅሎ ጭነት አመዛዝኖ ዝቅ አድርጎ አሰረ።

«ያዣት።»

«መቼ ልመልስልዎ?»

«ማን መልሺ አለሽ?»

አሻግሬ ሳቁ ጠፋ። «አንተ ኑርሁሴን… ይኼ ያ ነገር ነው?»

«ነው። እምቢ በልና ልጅህን በተሰነጠቀው ስደዳት።»

አሻግሬ ስንጥቁን አየ፤ ልጅቱን አየ።

«ተቀብያለሁ» አለ። «በቅሎዋ ተከፍላለች።»

ኑርሁሴን የመቀመጫውን ብሎን ፈትቶ በልጅቱ ቁመት ልክ ዝቅ አደረገላት።